አማቴ ፎቶ የተነሡ ዕለት

ውድ አማቴ ኡም ሙሐነድ፣

ስልክ ብደውል እንደማያነሡልኝ ስላወቅሁ ነው ወረቀት ያነሣሁት። በደወልሁ ቁጥር ሩዋይዳ "እናቴ ተኝታለች" ትለኛለች፤ ከጀርባዋ ግን እርስዎ ከልጅ ልጅዎ ጋር ሲሣሣቁ ይሰማኛል። ልጅዎ መዋሸት አትችልበትም፤ ይህም የአስተዳደግዎ ውጤት ነውና አልቀየማትም። ባሌ ሙሐነድ ግን በየማታው "እናቴ ምን ሆና ነው?" እያለ ፊት ፊቴን ያያል፤ እኔም "የሐማ አየር ስለተስማማት ነው" እያልሁ ሳህን አጥባለሁ።

ሐጅ ሩሽዲ ለትዳር ጠይቀውዎት፣ እርስዎም እሺም እምቢም ሳይሉ እግሬ አውጪኝ ብለው ሐማ ሩዋይዳ ቤት ከገቡ ሳምንታት አለፉ። የሄዱት እኔ ባነሣሁዎት ፎቶ የተነሣ እንደሆነም አውቃለሁ። ትናንት አንድ ነገር ሆነ፤ እሱን ሳልነግርዎት ብቀር አይሆንልኝም። እባክዎ ደብዳቤውን ቀድደው አይጣሉት፣ ቁጣዎንም ለመጨረሻው ገጽ ያቆዩት።

መጀመሪያ ግን በፊትዎ ቆሜ የማልናገረውን ልናገር። ቤትዎ ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ሰሞን በጣም እፈራዎት ነበር። ቀናዋት ሰፈር ያለውን የአያቴን ቤት አስጠርጌ የሴቶች ብቻ የሆነውን ስቱዲዮ ስከፍት "የሠርግ ፎቶ ነው" ያልሁዎትም ስለፈራሁ ነው። ሙሽሮች ከሠርጋቸው በፊት በሌሊት ልብሳቸው ተነሥተው ለባላቸው ብቻ የሚሰጡትን የጓዳ ፎቶ እንደማነሣ ቢሰሙ ቤት ይገለባበጣል ብዬ ነበር። እርስዎ ደግሞ አንድ ቀን ሻይ ይዘው ሳያንኳኩ ገቡ።

ያቺ ከሚዳን ሰፈር የመጣች ሙሽራ ትዝ ትልዎታለች? እናቷ የገዛችላትን ላባና ቃጭል ያለበት ቀይ ልብስ ለብሳ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላለች። በተነፈሰች ቁጥር ቃጭሉ ይጮሃል። እኔ "ዘና በይ" እላለሁ፣ እሷ ይባሱን ትደርቃለች። እርስዎን ሳይ ካሜራው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ትሪውን አስቀመጡና ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"ልጄ፣ ለመታወቂያ ነው እንዴ የምትነሽው?"

"አይ እትዬ" አለች፣ ልታለቅስ ደርሳ።

"ታዲያ ምን ያገትርሻል? ወዲያ በይ፣ ላሳይሽ።"

በዚያ ጥቁር ካፖርትዎ፣ ሻርፕዎን እንኳ ሳያወልቁ፣ አልጋው ላይ ወጥተው ተቀመጡ። "ክንድሽን ከጎንሽ አታጣብቂ፣ አየር ይግባበት። ሆድሽን አትሳቢ፤ ትንፋሽሽን አውጪው፣ እሱ ራሱ ይገባል። ካሜራ የቀረበውን ነው የሚያገዝፈው፤ ስለዚህ ዳሌሽን ወደ ግድግዳው፣ ፊትሽን ወደ ምራቴ ወደ ናዋር። እጅሽ ሥራ ሲፈታ ነው የሚደርቀው፤ ፀጉርሽን እንደምትፈቺ ሁኚ።" ልጅቷ ካፖርት የለበሱ ሴትዮ እንደዚያ ሲሽኮረመሙ አይታ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ያን ጊዜ ያነሣሁት ፎቶ ስሜን በሴቱ ሁሉ ዘንድ አስጠራው። ይህን ሁሉ የት እንደተማሩት ስጠይቅዎት "ባል አግብቼ አልነበር?" አሉኝ፤ ከዚያ በላይ አልነገሩኝም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ካሜራው የእኔ፣ ሙሽራዋ የእርስዎ ሆነች። የሚገቡትን ሴቶች ስልክ በር ላይ የሚሰበስቡት እርስዎ፣ በመርፌ ቁልፍ ልብስ የሚያጠብቡት እርስዎ፣ "አስቀያሚ ነኝ" የምትለዋን ተቆጥተው ዝም የሚያሰኙት እርስዎ። መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት ከተማ፣ የመስኮቱ ብርሃን በየትኛው ሰዓት የትኛው ትራስ ላይ እንደሚያርፍ ከእኔ በፊት የሚያውቁት እርስዎ ነበሩ። "ይሄ ማታለል አይደለም ወይ?" ያለችን አንዷን እንዴት እንደመለሱላት አልረሳም። "ልብስ ሲሰፋ መልካሙ ገጽ ወደ ውጭ ነው የሚደረገው፤ ሰፊው አታለለሽ?" አሏት። የተነሣችዋ ሴት ካልፈቀደች ፎቶ አይታተምም፣ አይጠፋምም የሚለውን ሕግም ያወጡት እርስዎ ነዎት።

ሐጅ ሩሽዲም የመጡብን በዚሁ ሥራ ነው። ለሙሽሮቹ የጠበባቸውን የሌሊት ልብስ ሊቀይሩ ሐሚዲያ ገበያ ወዳለው የሐጅ ሱቅ ሲመላለሱ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው ያንን ሁሉ ላባና ዳንቴል እንደ ፎጣ አጣጥፈው ይሰጡዎታል። "ሰውዬው አንገቱ ተሰብሮ ነው እንዴ?" እያሉ እቤት መጥተው ያስቁን ነበር። በኋላ መሳቁን ተዉት። አንዳንዴም ልብሱ ልክ ሆኖ ሳለ "ይቀየር" እያሉ ይወስዱት ጀመር፤ እኔም እንዳላየ ሆንሁ።

የሐጅ ሩሽዲ ታላቅ እህት ጣፋጭ አስይዛ ቤታችን የመጣች ቀን እርስዎ "ላስብበት" ብለው ወጥ ቤት ገቡና ቀኑን ሙሉ ሩዝ የሚሞላበትን ዝኩኒ ሲፈለፍሉ ዋሉ፤ ሃያ ሰው የሚጋበዝ ይመስል። እኔም ገብቼ አጠገብዎ ተቀመጥሁ።

"ሰውዬውን ይጠሉታል?" አልሁዎት።

"ማን ጠላው አለሽ?"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ዝኩኒውን እየፈለፈሉ፣ ቀና ሳይሉ ነው የመለሱልኝ። "ናዋር፣ እኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሦስት ልጅ ወልጃለሁ፣ ሆዴ ተቀዷል። ይሄ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ የሙሽራ ልብስ ሲሸጥ የኖረ ነው። ያንን ሁሉ ቀጭን ወገብ ሲያስብ ኖሮ፣ በሩን ዘግቶ እኔን ሲያይ ምን ይላል? በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት ልዋረድ?"

አንጀቴን በሉት። ስንት ሙሽራ አልጋ ላይ አስቀምጠው "አንቺ ቆንጆ ነሽ" ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ለራስዎ የሚሆን አንዲት ቃል አልነበረዎትም።

ያን ሰሞን ነው ቀጠሮ የነበራት ሙሽራ ትኩሳት ይዟት የቀረችብን። አልጋው ተነጥፏል፣ ብርሃኑም እንደ ልብ ነበር። "ዛሬ እርስዎ ይቀመጡ" አልሁዎት።

"አብደሻል?"

"ለሐጅ ሩሽዲ መልስ ከመስጠትዎ በፊት ራስዎን አንድ ጊዜ ይዩ። ካልወደዱት እዚሁ ፊትዎ አጠፋዋለሁ፣ ሁለተኛም አልጠይቅዎትም።"

ካፖርትዎን ለማውለቅ የፈጀብዎት ጊዜ አንዲት ሙሽራ ለብሳ ከምትጨርስበት ይበልጣል። ከሥር ያቺን እጅጌ የሌላትን ሰማያዊ የቤት ቀሚስ ነበር የለበሱት። ሻርፑ ሲነሣ፣ ጫፉ ሂና የነካው ሽበትዎ ትከሻዎ ላይ ወረደ። በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረን ርዝመቱን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ሁልጊዜ ጠቅልለው ያስሩት ነበርና።

ከዚያ ራስዎን ማስቀመጥ ጀመሩ። ክንዱ ከጎን ራቀ፣ አገጩ ወጥቶ ዝቅ አለ፣ ዳሌው ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ትንፋሹ ወጣ። አንዱም አልተሳሳተም። ባነሣሁት ቁጥር መጥተው ያዩታል፣ "አጥፊው" ይሉኛል። "ይሄ ደግሞ በደንብ የተነጠፈ ትራስ ነው የሚመስለው፤ አጥፊው።" አጠፋሁት። እርስዎ ሁሉንም ነገር ለመደበቅ ነበር የሚቀመጡት፤ መደበቁም በጣም ስለተሳካልዎት እርስዎ ራስዎ ፎቶው ውስጥ አልነበሩም። 

የረዳን መጋረጃው ነው ልበል? "እንደው ይሄን መጋረጃ ስንት ጊዜ ልንገርሽ! ግማሽ ግድግዳውን በብርሃን አቃጠልሽው እኮ" ብለው ብድግ አሉ። አልጋው ላይ በጉልበትዎ ቆመው ሁለት እጅዎን ወደ ላይ ዘርግተው መጋረጃውን ሲጎትቱ፣ የቀሚሱ ማንገቻ ከትከሻዎ ተንሸራተተ። ለሙሽሮች "ሸሽጊ" የሚሉት ነገር ሁሉ፣ የክንድዎ ሥጋም ሆነ የሆድዎ ቅርጽ፣ ብርሃኑ ላይ ወጣ። እርስዎ አላወቁትም። ፊትዎን ወደ እኔ መልሰው "ምን አፍሽን ከፍተሽ ታዪኛለሽ፣ ነይ ያዢልኝ እንጂ" ሲሉ፣ ቁጣው መሃል ላይ ሳቅ አመለጠዎት። ያን ጊዜ አነሣሁ።

ካሜራውን ሰጠሁዎት። ብዙ አዩት። "ይቺ ማን ናት?" አሉ፤ እኔን አልነበረም የጠየቁት። ከዚያ "ሻርፔን አቀብዪኝ" አሉና ካፖርትዎን እስከ አንገትዎ ቆልፈው ወጡ። በማግስቱ ሐማ ነበሩ። እኔም ሰውነትዎን አሳይቼ የሰበርሁዎት መሰለኝ። እስከ ትናንት ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ትናንት ከሰዓት የስቱዲዮው በር ላይ ሳል ሰማሁ። ብቅ ስል ሐጅ ሩሽዲ ናቸው። በሩን ጀርባ ሰጥተው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ግድግዳ እያዩ ቆመዋል።

"ሐጅ፣ ሰው የለም፣ ይግቡ" አልኋቸው።

"አልገባም ልጄ፣ የሴቶች ቤት ነው። ኡም ሙሐነድ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው።"

"የሄዱት በእኔ ነው?"

"ሻይ ላምጣልዎት" አልኋቸው።  እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትሳቂብኝ ግን።"

"አልስቅም።"

"እዚህ ቤት፣ ሰው እንዲያምር እንዴት እንደሚቀመጥ ታስተምራላችሁ ሲባል እሰማለሁ። ወንድስ ታስተምራላችሁ?"

"ምን ሆነው ነው ሐጅ?"

"እኔ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ጥርሴ ሌሊት ብርጭቆ ውስጥ ነው የሚያድረው። ሆዴ ላይ የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለ። እግሬን ተይው፣ ባይወራ ይሻላል። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሐኪም ካልሆነ በቀር ማንም አላየኝም። ኡም ሙሐነድ ደግሞ በየቀኑ ቆንጆ ሲያዩ የሚውሉ ሰው ናቸው። እኔን ሲያዩኝ ምን ይላሉ? ሌሊት ይህን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።"

ቃሌን በላሁ፤ ሳቅሁባቸው። ሳቄን ሳልጨርስ ደግሞ እንባዬ መጣ። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ስለነበር አላዩኝም።

"ሐጅ፣ እርስዎ ያንን ሁሉ ልብስ ሲሸጡ፣ የሚለብሱትን ሴቶች አስበው አያውቁም?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ለእርስዎ ስል ነው።

"ልጄ፣ ሽንኩርት የሚሸጥ ሰው ወጡን ያስባል እንዴ? እኔ የማስበው ስንት ቀረኝ፣ ምን ልዘዝ ብዬ ነው። ከጠረጴዛው ቀና ብዬ የአንዲት ሴት ፊት ያየሁት አንዴ ነው፤ 'ይሄን ላባ የሰፋው ዶሮ ሻጭ ነው ወይ?' ብለው ሲቆጡኝ። ኡም ሙሐነድ ነበሩ።"

ይህን ብለው ሊሄዱ ሁለት እርምጃ ተራመዱና ቆሙ። "እምቢ ካሉ እቀበላለሁ። ፈርተው ከሆነ ግን ንገሪያቸው። የምፈራው እኔ ነኝ በያቸው።" ከዚያም ሄዱ።

እኔም ገብቼ ካሜራውን ከፈትሁ። ፎቶውን አላተምሁትም፣ አላጠፋሁትምም፤ ሕጉ የእርስዎ ነው። ግን እያየሁት አንድ ነገር ገባኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁሉ "አጥፊው" ብለው አስጠፍተውኛል። ይህን ግን አላሉም። ጠልተውት ቢሆን ቆመው ያስጠፉኝ ነበር፤ እኔን ደግሞ መቆጣት አቅቶዎት አያውቅም። የሸሹት ያቺን ሴት ስለወደዷት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ "ማን ያየኛል" የሚል ምክንያት ነበረዎት፤ ፎቶው ያንን ምክንያት ወሰደብዎት። ምክንያት ሲያጡ የቀረው ሰውዬው ብቻ ሆነ።

ሐሙስ ሙሐነድ መኪና ይዞ ሐማ ይመጣል። እሱ ምንም አይጠይቅዎትም። ትናንት ማታ ሁሉን ነገርሁት፣ ከፎቶው በቀር፤ "አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ከእኛ ጋር እራት እየበላች እንኳ ብቻዋን ስትሆን ማየት ሰልችቶኛል" አለ። ሲል ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ እንደነገርሁዎት እንዳይነግሩብኝ። ሥራችንም ያለ እርስዎ ተበላሽቷል፤ ባለፈው ሳምንት ያነሣኋት ሙሽራ የተቀጣች ተማሪ መስላ ነው የወጣችው፤ እናቷ ገንዘቤን መልሽ ሳትለኝ መቅረቷ ደግነቷ ነው።

ሐጅ ሩሽዲን ካልፈለጓቸው እምቢ ይበሉ። እምቢ ቢሉም አከብርዎታለሁ፣ ከጎንዎም እቆማለሁ። ነገር ግን እምቢ የሚሉት ሰውዬውን ይሁን፤ በራስዎ ሰውነት አፍረው እምቢ አይበሉብኝ። እኔ በዚያ መስኮት ብርሃን ብዙ ሴት አይቻለሁ፤ ያን ቀን ያየኋትን ግን የምታህል አላየሁም። ይህን ስል ምራትዎ ስለሆንሁ አይደለም፤ ዓይኔ ሥራዬ ስለሆነ ነው።

እሳቸው ፈርተዋል፣ እርስዎም ፈርተዋል። ፍርሃቱ እስኪያልፍ ከጠበቃችሁ ሁለታችሁም ታልፋላችሁ። ፈርታችሁም ቢሆን ተጋቡ።

ሐሙስ በር ላይ ቆሜ የምጠብቅዎት፣
ምራትዎ ናዋር
ደማስቆ