ለጨዋታ የተሸከምሁት ድንጋይ

ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለባምላክ፣
ዱባይ።

ይህ ጽሑፍ በጤና ያገኝህ ዘንድ ጸሎቴ ነው። በስልክ በፎቶ ተቀብሎ ዛሬውኑ የሚያደርስልህ እዚያው ያለው ጓደኛህ ሸሪፍ ብቻውን አይመጣም፤ ከአገራችን ሰዎች ጋር ነው። አብረውህ ሳሉ አንብበው። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ሽንኩርታችን ተነቅሎ መንገድ ዳር ተከምሯል፤ ዘንድሮ የሚያስጭነው አልተገኘም።

ለወንድምህ ለክንፈ የላክህለት ፕሌይስቴሽን ከስልክ መስመራችን ጋር ከተገናኘ ወዲህ፣ እሁድ እሁድ አንተን ከዱባይ፣ የጎረቤታችንን የተክሌን የወንድም ልጅ ዮናስን ደግሞ ከቤቱ እያገናኘ ያጫውታችሁ እንደ ነበር አውቃለሁ። ጨዋታውን ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

በዳግማይ ትንሣኤ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ክንፈ ከክፍሉ ሲጮኽ ሰማሁ። «ዮናስ! ከዚያ ቤት አትወጣም፤ በእሳት ነው የማወጣህ! አንገትህን ነው የምቆርጠው!» ከቴሌቪዥኑም የአንተ ድምፅ፣ «በለው! አትማረው!» አለ። ስገባ በቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ አንድ ሰው ይነድዳል።

«ጨዋታ እኮ ነው አባባ፤ እሱም እየሳቀ ነው፤ ስማው!» አለኝ ክንፈ።

አልሰማሁትም። አጎትህ የተክሌን አባት በድንበር ጠብ ከገደለ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። በእርቁ ዕለት ሁለቱ ቤቶች አንዱ በሌላው ላይ የሞት ቃል ላይናገር ማልን። ቃሉን ያፈረሰ ወገን ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። እኔ ደግሞ ሕግ የማላጓድል ሰው ነኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ድንጋዬን ተሸክሜ በተክሌ ደጅ ተንበረከክሁ። ዮናስ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ጋሼ ንጉሤ፣ እኔም እኮ ትናንት ሦስቴ ገድዬዋለሁ! ይነሡ እንጂ፣ ወገብዎን ያምዎታል!»

ተክሌ አልሳቀም። ለከብቶቹ የማሽላ አገዳ በመጥረቢያ ይከተክት ነበር። «ድንጋይ የተሸከመ ሰው ለጨዋታ አልመጣም» አለ።

ያን ጊዜ ክንፈ እኔን ሊያነሣ ሮጦ ደረሰ። «ዮናስን እገድላለሁ ብለሃል?» ሲል ተክሌ ጠየቀው። ወንድምህን ታውቀዋለህ፤ ቁጣ ሁሉ በቀልድ የሚበርድ ይመስለዋል። «ስንቴ ገድዬው ጋሼ ተክሌ! ዛሬም ከሰዓት ቀጠሮ አለን» አለው።

የመጀመሪያው ምት ክንፈን ትከሻው ላይ አገኘው፤ የአጥንቱን ድምፅ ሰምቻለሁ። ሁለተኛውን ዮናስ በእጁ ሊመክት ገባ፤ ሦስት ጣቶቹ ከአገዳው መካከል ወደቁ። ሦስተኛው የክንፈ አንገት ላይ አረፈ። ድንጋዩ ከአንገቴ ሳይወርድ ስለ ነበር ፈጥኜ መነሣት አልቻልሁም። ደሙ እየፈሰሰ እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ክንፈ አንድ ጊዜ ብቻ «አባባ» አለ።

ከዚህ በኋላ ያለው በወረቀት አይጻፍም፤ ከሸሪፍ ጋር የመጡት ይነግሩሃል።

ከዚያን ቀን ወዲህ በማሽኑ «የት ጠፋህ?» እያልህ ጽፈሃል፤ «ደህና ነኝ፣ ሽንኩርት እያስጫንሁ ነው» የሚል መልስም አግኝተሃል። መላሹ እኔ ነበርሁ። አማርኛን በላቲን ፊደል የጻፈን ተማሪ ሁሉ ሲቀጣ የኖረው መምህር፣ በላቲን ፊደል ልጁን ዋሸ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ የለቀመልኝ ዮናስ ነው፤ አንደኛው እጁ በፋሻ እንደ ታሰረ። ውሸቱ ግን የእኔ ነው።

ተክሌ ታስሯል። የአጎትህ ልጆች ጥይት እየቆጠሩ ነው። እስካሁን እንዳይደውሉልህ አስምያቸዋለሁ፤ ነገ ግን ይደውላሉ፣ «ወንድ አይደለህም ወይ?» ይሉሃል። ልጄ፣ ከመጣህ ባዶ እጅህን ና። ተክሌ መጥረቢያውን ያነሣው ልጅ በልጅ ላይ ሲፎክር ሰምቶ አይደለም፤ ድንጋዩን አይቶ ነው። ድንጋዩን ይዤ የሄድሁት እኔ ነኝ። ደም እመልሳለሁ የምትል ከሆነ ከእኔ ጀምር።

ትናንት የጻፍኸውን ዮናስ አነበበልኝ፦ «ነገ ግባ፤ ዮናስን አብረን እንገድለዋለን።» ልጁም «እሺ ልበለው ጋሼ?» አለኝ።

አንተስ ምን እንበልህ?

እግዚአብሔር እጅህን ከደም፣ ልብህን ከቂም ይጠብቅልኝ። ለልጆችህ የሚተርፍ ዕድሜ ይስጥህ።

አባትህ
መምህር ንጉሤ