ዕቁቡ ከወጣልኝ በኋላ

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ከቸርች በኋላ ዘጠኝ ሆነን ምሳ በላን። ሂሳቡ ሲመጣ እንደ ልማዴ ነጠቅኩ። ጓደኛዬ ስለሺ እጄን ይዞ ታገለኝ። "ዛሬስ ሞቼ ነው!" "ተወኝ እንጂ፣ እኔ እያለሁ!" ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም። አሸነፍኩ። ክሬዲት ካርዴን ማሽኑ ላይ ሳስጠጋ ግን እንዳያሳፍረኝ ጸለይኩ። አለፈ... ተመስገን። "ያፌት እኮ እጁ አይታጠፍም" እያሉ ወጡ።

ስካርቦሮ ቤታችን ደረስን። መኪናውን ሳቆም ሚስቴ ቤቴል "ካርዱ ላይ ዕዳ የለም አይደል?" አለችኝ።

"የለም።"

ውሸት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ለምን ዋሸሁ? ሚያዝያ ላይ ዕቁቡ ሲወጣልኝ የካርዱን ዕዳ ሙልጭ አድርጌ ከፍዬ ነበር። ቤቴል በደስታ አለቀሰች። "ሁለተኛ ብትዋሸኝ ግን አብረን አንኖርም" ያለችውም ያን ቀን ነው። ሚስቴ ስትናገር ተናገረች ነው...

ካርዱን መጣል ነበረብኝ። ለክፉ ቀን ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ክፉ ቀን የተባለው ምሳ ሆነ፣ ጫማ ሆነ፣ የስለሺ ልጅ ልደት ሆነ። በየጊዜው "ዕዳው ገብስ ነው!" አሁን የዕቁቡን መዋጮ በየወሩ መክፈል አለብኝ፣ ካርዱም እንደገና ሞልቷል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የዕቁብ ቀን። መዋጮው የለኝም፣ አልሄድኩም። ቤቴልን ሥራ አለኝ ብያት ኢቶቢኮ ድረስ ነዳሁ። ሥራ የለም። የምሠራበት መጋዘን ፓርኪንግ ላይ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ... ሌባ ይመስል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ስለሺ ደወለ። "ጋሽ ሽፈራው ያንተን ከፈሉልህ እኮ! ኦቨርታይም ይዞት ነው አሉን።"

የቤቴል አጎት ናቸው፣ ዕቁቡ ላይ ደግሞ የእኔ ዋስ። ጡረተኛ ሰውዬ! ዋስ ሲሆኑኝ አንዲት ጥያቄ አልጠየቁኝም። አሁንም ስልክ እንኳ አልደወሉልኝም። ምነው በሰደቡኝ...

እሁድ፣ ኅዳር 14

ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ጋሽ ሽፈራው ቤት ሄድኩ። ሻይ አቀረቡልኝ። ሳልቀምሰው አስቀመጥኩት። የካርዱን ጉድ ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

"ቤቴል ታውቃለች?"

"አታውቅም፣ ጋሼ። እርስዎ ቢነግሩልኝ..."

"እኔ የገንዘብህ ዋስ ነኝ፣ የአፍህ አይደለሁም።"

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ነገርኳት። አልጮኸችም። ካርዱን ተቀብላ በመቀስ ቆረጠችው፣ ከዚያ ሄዳ ሳህን አጠበች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሳሎን ተኛሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 28

ስለሺ ቸርች በር ላይ "ምሳ እንሂድ" አለ። "የለኝም" አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ደገምኩለት። ሳቁን ተወው። "እና እኔ ልጋብዝሃ!" "አይ... ቤት እበላለሁ።" ይሉኝታ ሊገድለኝ! ለሰባት ዓመት ስጋብዘው አንድ ቀን እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ታኅሣሥ 20

አሁንም ሳሎን። ቅዳሜም እሠራለሁ። ደመወዝ ሲገባ ለእሷ እሰጣለሁ፣ ተቀብላ ለዕቁቡና ለካርዱ ዕዳ ትከፍላለች። ከ"እሺ" ሌላ ቃል የለም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ዕቁቡ ዛሬ አለቀ። የጋሽ ሽፈራውንም መለስኩ። የካርዱ ገና ግማሹ አለ።

አዲሱ ዙር ሲመዘገብ "እኔን እለፉኝ" አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ። ቤቴል ግን ተመዘገበች። በራሷ ስም ብቻ።

"ዋስሽ ማነው?" አለ ጸሐፊው፣ እስክሪብቶውን ወደ እኔ አዙሮ። ለሚስት የሚዋሰው ባሏ ነዋ! ለሁሉም እንደዚያ ነው። አጠገቧ ተቀምጫለሁ...

"ጋሽ ሽፈራው ናቸው" አለች።

ሰው ሁሉ አየኝ። ትክክል ናት። ግን አመመኝ፣ በጣም አመመኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ በረዶ ነበር፣ ቀስ ብዬ ነዳሁ።

"ተቀየምክ?"

"አይ።"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። "ለከርሞ ዋሴ ብዬ አንተን እጠራለሁ" አለች። "ካልዋሸኸኝ።"

ለከርሞ... ከርሞም አብረን ነን ማለት ነው? ልጠይቃት ፈለግኩ። ፈራሁ።