ያለ ጥርስ የሚበላ ሳንድዊች

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
የሁለት ሱሪ ዚፕ ቀየርኩ፤ አንድ ቀሚስ አጠበብኩ። እንደ ሌላው ሰኞ። ከስፌት ቤት ስገባ የባሌ አባት ሾርባቸውን አልነኩትም። የመጨረሻዎቹ ሰባት ጥርሶቻቸው ከተነቀሉ አሥራ ሁለት ቀናቸው። ሰው ሠራሹ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። በዓይኔ እያየሁ እየከሱ ነው... ባሌ፣ “አባቴን አውቀዋለሁ፣ ሲርበው ይበላል” ይላል። ካልራባቸውስ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ምን ልሥራልዎ አልኳቸው። ስለ አንድ ሳንድዊች ማውራት ጀመሩ። የትውልድ ከተማቸው መናኸሪያ የሚሸጥ። የተፈጨ ሥጋ፣ ጠቆር እስኪል የተጠበሰ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የሚሳብ ቺዝ፣ እንቁላል። አውቶቡስ ሲነዱ ሠላሳ ዓመት በልተውታል። ሲያወሩ ምራቃቸውን ዋጡ። እኔም ዋጥኩ።
አሁን በምን ጥርስ? ግን... ትሪ ላይ ተጋግሮ በማንኪያ ቢበላስ?

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ጉድ ሆንኩ። ትኩስ ዳቦ ቆራርጬ ደረደርኩ፣ ሥጋና ቺዙን አለበስኩት፣ እንቁላል በወተት መትቼ አፈሰስኩበት። ሙሉ ሊትር። ምን ነክቶኝ ነው? ከኦቨን ሲወጣ ዳቦው ይዋኛል። ባሌ ሳይጠሩት ጭልፋ ይዞ መጣ። አባባ ትሪውን ረጋ ብለው አዩና፣ “ነፍስ ይማር” ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።
ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ሳቄ መጣ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ባለ ዳቦ ቤቷን አማከርኳት። ያደረ ዳቦ ውሰጂ፣ መጀመሪያ ኦቨን ውስጥ አድርቂው፣ ወተቱን በግማሽ ቀንሺ አለች። ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛዬም ምክር አላት፤ ወተቱን ጭራሽ ተይው ነው የምትለው። አፌ ውስጥ ስፒል ስለነበር አልተከራከርኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ያደረ ዳቦ። ግማሽ ሊትር ወተት። ሽታው ቤቱን ሲሞላ የአባባ በር ተከፈተ። ወንበር ስበው ኦቨኑ ፊት ተቀመጡና በመስታወቱ እንደ ቴሌቪዥን ያዩት ጀመር። ሽንኩርቱ ገና ነው፣ ቺዙ ያለ ቦታው ገብቷል፣ ቃሪያው ደቋል... ያላወጡልኝ ስህተት የለም። ማንኪያውን ግን አነሱ። አንዴ። ሁለቴ። መብላት አቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቃሪያው ነው ብዬ ውኃ ላመጣ ስነሣ እጄን ያዙኝ።
“ቁጭ በይ። መናኸሪያ ስትሸኘኝ አንዱን ለሁለት ነበር የምንካፈለው። ዳር ዳሩን እሷ ትበላና መሐሉን ለእኔ ትተወዋለች።” ትሪውን አዩት። “ይሄ መሐሉ ብቻ ነው።”
የባሌ እናት ከሞቱ አራት ዓመት ሆናቸው። አባባ ስለ እሳቸው ሲያወሩ ባሌ እንኳ ሰምቶ አያውቅም። አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ቀና ሲል ከትሪው ግማሹ የለም።

እሑድ፣ ጥቅምት 23
ከኩሽናዬ ተባረርኩ! አባባ ሽርጤን ታጥቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሽንኩርት ላይ ናቸው። ሁለት ጡረታ የወጡ ሹፌር ጓደኞቻቸውን ጋብዘዋል። በሩ ጋ ቆሜ ሰማሁ። አንደኛው ማን እንዳስተማራቸው ጠየቀ።
“ማን ያስተምረኛል? የራሴ ፈጠራ ነው” አሉ። ሽንኩርቱን አንዴ አማሰሉና፣ “የልጄም ትንሽ እገዛ አለበት።”
ባሌን ነው ብዬ ዞር አልኩ። እሱ ሶፋው ላይ ተኝቷል።