ለአቦይ አውሮፕላን የሚበቃ ሞተር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለመሓሪ ወልደአረጋይ፤ ሻርጃ

እንደምን ሰነበትክልኝ? ባለቤትህ ሉሊስ እንዴት ናት? ትንሿ ዮርዲ ጥርስ አበቀለች ወይ? ያ ሙቀት ጨረሳችሁ ወይስ ለመዳችሁት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከቂርቆስ ጭቃ በቀር ምንም አልጎደለብንም። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ አቦይ ከጎኔ ስለማይጠፉ ነው። ድምፁን ክፈቺው እንጂ እያሉ አላስወራ ይሉኛል። ስለዚህ ደብዳቤውን ወደ እናንተ ለሚመጣው ለኪዱ ሰጠሁት።

ነገሩ የላክኸው ሞተር ነው። አትቀየመኝ፣ ለአባት ትልቁ ይገባል ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ካርቶኑ ሲከፈት አቦይ ሞተሩን ሦስት ጊዜ ሳሙት፣ አንተንም መረቁህ። ከዚያ ወዲህ ግን ያቺ በሪሞት የምትበር ትንሽ አውሮፕላናቸው መከራዋን እያየች ነው። በሥራ ዘመናቸው ይጠግኗት የነበረችውን የአንበጣ መርጪያ አውሮፕላን አስመስለው ሁለት ዓመት የለፉባት፣ ከካዛንቺስ ቤታችን ስንነሳ አልጋውን ለጫኝ ትተው እሷን ታቅፈው የመጡት እኮ ናት። ሃያ ሲሲው ሞተር ሲገባ አፍንጫዋ ተደፋ። ለማመጣጠን ከጎሚስታ የጎማ ባላንስ እርሳስ ለምነው ጭራዋ ላይ ለጠፉ። ቀጥሎ ክንፉ አይችልም ብለው በጣውላ ደገፉት። በቃ፣ እንዲህ እያለች ወፈረች።

ባለፈው ሳምንት ላንቻ ጋሽ ፍቅሬ ሥጋ ቤት ወስደን መዘንናት። ፍልሰታ ስለሆነ ሚዛኑ ሥራ ፈቷል። ጋሽ ፍቅሬም ጾመኛ ናት ብለው ጋዜጣ አነጠፉላት። አራት ኪሎ ተኩል መጣች። ታዲያ ሞተሩን ለምን አያሳንሱም ሲሏቸው አቦይ፣ ልጄ ለፍቶ የላከልኝን በምን አፌ አይሆነኝም ልበል አሉ። ይሉኝታቸውን ታውቀው የለ።

ቤት ስንመለስ ሆዷን ከፍቼ ሳይ በአቦይ እጅ በእርሳስ የተጻፈ አገኘሁ፤ ከሦስት ኪሎ አትለፍ፣ ሞተር ሰባት ተኩል ሲሲ ይላል። ቀኑ ያንተ ካርቶን ከመምጣቱ አራት ወር ይቀድማል። ከመጀመሪያውም ያውቁ ነበር ማለት ነው። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅህ።

መሓሪ፣ ዓይናቸው ደህና አይደለም። ሐኪሙ እይታቸው ከጎን እየጠበበ ነው፣ የሄደው አይመለስም ብሏል። እንደሳቸው አውሮፕላን የሚሠሩት ሰዎች ክለብ ለመስቀል ማግስት የማብረሪያ ሜዳና ፈቃድ ይዟል፤ ከዚያ በኋላ ማየታቸውን እንጃ። የከበደች አውሮፕላን ካልፈጠነች አየር ላይ አትቆምም፤ ከፈጠነች ደግሞ እሳቸው አያይዋትም። ቀላሏ ግን ዝግ ብላ ትዞራለች፣ በዓይናቸው ይከተሏታል። እባክህ ሰባት ተኩሉን ግዛና ኪዱ ለዕንቁጣጣሽ ሲመለስ ይያዘው። ለእሳቸው ደግሞ ደውልና ሱቁ ተሳስቶ ነው የሰጠኝ፣ ያኛውን መልሱልኝ በላቸው። ውሸት ነው፤ ኃጢአቱን ለእኔ ተወው፣ ከንስሐ አባቴ ጋር እጨርሰዋለሁ።

ባለቤቴ አርአያ ሉሊን ሰላም በይልኝ ብሏል። ልጄ ሀኒ ዮርዲን ትስማለች። የካዛንቺሷ ጎረቤታችን እትዬ አየለችም አንተን አንሥተው አይጠግቡም። አቦይ አሁን በትከሻዬ በኩል መጥተው ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። ሰላምታ ነው አልኳቸው። እንግዲያው ሞተሩ ልክ እንዳሰብኩት ነው በይልኝ አሉ።

እህትህ ብርኽቲ
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.