በዳቦ ቤት ምድጃ የበሰለው ተርኪ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን አሁንም ይነዘንዝዎታል? እኛ ደህና ነን። ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለን የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ናፍቆትዎ ራሱ ቤቱን ሞልቶት ሌላ ነገር ቢጎድል በምን ይታወቃል?

የልጅ ልጅዎ ድምቡሼ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች። ስትስቅ ቁርጥ አባቷን ናት። አያቴ መቼ ነው የምትመጣው ማለቷንም አልተወችም። ባሌ፣ የእርስዎ ልጅ፣ ካረፈና እርስዎም እህቱ ዘንድ ከሄዱ ወዲህ ሰው አማትሽ ደህና ናቸው ወይ ሲለኝ ማንን እንደሚጠይቀኝ ለአፍታ ይጠፋብኛል። አማት የሚለው ቃል አፌ ላይ አልቀመጥ ብሏል። እናት ሳይኖረኝ አድጌ፣ ባል አገኘሁ ብዬ ስገባ እናትም ያገኘሁ ሰው ነኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ተርኪ ነው። አይሳቁብኝ።

የሙሽራ ቀሚስ የሰፋሁላት ልጅ እናት ዶሮ አርቢ ናት። ቀሚሱ ልጇን ስላሳመረላት ደስ ብሏት አንድ ትልቅ ተርኪ አርዳ፣ ላባውን ነጭታ፣ አጽድታ ይዛልኝ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ስታጋድመው ድምቡሼ ዞራ ዞራ አየችውና ይሄ ዶሮ ነው ወይስ የዶሮዎች አለቃ ብላ ጠየቀች። እኔ ግን አብሬያት አልሳቅሁም። ልጅዎ ካረፈ ወዲህ ተርኪ አብስዬ አላውቅም። ያንን ምግብ የማውቀው በእርስዎ ማድ ቤት ነው፤ እርስዎ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እያዘዙ፣ እሱ በየሰበቡ እየገባ ክዳን ሊከፍት ሲል እጁን በማማሰያ እየመቱት። እሳት ሲቸኩል ሥጋ ያኮርፋል ይሉን ነበር።

እንዳስተማሩኝ ከዋዜማው በጨው አሸሁት። ለጋ ቅቤውን ከነጭ ሽንኩርትና ከጥብስ ቅጠል ጋር ለውሼ ከቆዳው ሥር በጣቴ አስገባሁ። ሆዱ ውስጥ ሎሚና ሽንኩርት ከተትኩ። ኦቨኔ ውስጥ እንደማይገባ ያየሁት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። በጎን ብሞክረው፣ እግሩን ባጥፈው፣ ወይ ፍንክች። ድምቡሼ በሩን በጉልበቷ ልትዘጋው ስትታገል አይቼ ተውኩት።

መታጠፊያው ላይ ያለውን ዳቦ ቤት ያስታውሱታል? ሽማግሌው ባለቤት አርፈው አሁን የሚሠራበት ልጃቸው ነው። ዝምተኛ ሰው ነው። ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ስለሚውል ሰፈሩ ዱቄቱ ይለዋል። ታመው የኖሩ እናቱን ሲያስታምም ትዳር ሳይዝ ቀርቷል፤ በኋላ እሳቸውንም ቀበረ። እሑድ ዳቦውን ጋግሮ ሲጨርስ የዚያ ቤት ምድጃ ቀስ እያለ ነው የሚበርደው። ትሪውን ከድምቡሼ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን ሄድንና ቸገረኝ አልኩት። አላቅማማም። በፎይል ሸፍኖ ወደ ውስጥ ገፋው፤ ከእንግዲህ መጠበቅ ብቻ ነው አለ።

ሊጥ በሚድቦለቦልበት ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን አትክልት ስናዘጋጅ ዋልን። ካሮቱን፣ ድንቹንና ዱባውን እኔ፣ ፎሶሊያውን ድምቡሼ ያዝን። እሱ ቀይ ሥር ሲልጥ እጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነጭ ሌላ ቀለም ያዘና ድምቡሼ ሳቀችበት። ይህን ስንል ሽታው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ቅቤው፣ ቀጥሎ ቅጠሉ፣ ከዚያ ያ የእርስዎ ቤት ሽታ። ቢላዬን አስቀመጥኩ። ማድ ቤትዎ፣ በርጩማዎ፣ የእሱ ድምፅ ከውጭ እየተጣራ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ሰውየው አየኝ። ምን ሆንሽ አላለኝም።

"ባለቤትሽ ሲስቅ እንዴት ነበር?" አለኝ።

እናቴ፣ ሰው እኮ መጠየቅ ትቷል። መጀመሪያ ሰሞን አይዞሽ ይሉኝ ነበር። ቆይተው እርሺው አሉኝ። አሁን ስሙ ሲነሳ ወሬ ይቀይራሉ። እኔም ልጄ እንዳትከፋብኝ እያልኩ ዋጥ አድርጌው ኖርኩ። ያን ዕለት ግን አወራሁ። መኪና ሥር ተጋድሞ ሲጠግን እንደሚያንጎራጉር፣ ሳቁ ከአፉ በፊት ከትከሻው እንደሚጀምር፣ የተርኪውን እግር ለማንም አላካፍልም ብሎ ከእህቱ ጋር እንደሚጣላ። እኔን ለእርስዎ ሊያሳይ ያመጣኝ ዕለት ሁለት ዓይነት ካልሲ አድርጎ፣ እርስዎ እኔን ከማየትዎ በፊት በካልሲው እንደተቆጡትም ለሁለቱ ነገርኳቸው። ድምቡሼ ፎሶሊያዋን ትታ አፏን ከፍታ ትሰማ ነበር። ይህን ሁሉ ነግሬያት አላውቅም፤ አባቷን ያን ቀን ያገኘችው ያህል ሆነች። ሳቅሁም፣ አለቀስኩም፤ የትኛው እንደቀደመ እንጃ። ዱቄቱ አልቸኮለም። ይነሳና ትሪውን ስቦ ሥጋውን በገዛ ጭማቂው ያርሰዋል፤ ተመልሶ ይቀመጥና እሺ፣ ከዚያስ ይለኛል።

አትክልቱን ዙሪያውን ደርድረን ጭማቂውን ጠጥቶ እስኪለሰልስ ቆየን። ሲወጣ ቢላ አላስፈለገውም፤ ሥጋው በማንኪያ ይላቀቅ ነበር። ቆዳው ግን ኩርሽም ይላል። ቀይ ሥሩ ድንቹን ሁሉ አቅልሞት መልኩ የእርስዎን አይመስልም፤ ጣዕሙ ግን ራሱ ነው።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ በላን። ድምቡሼ እግሩን በሁለት እጇ ገንጥላ፣ የአባዬ ድርሻ ብላ በዱቄቱ ሳህን ላይ አኖረችለት። እኔ ወዴት እንደማይ ጠፋኝ። እሱ እግሩን በፎይል ጠቀለለና ወደ ጎን አደረገው።

"ቀድመው እናቱ ይቅመሱ" አለ።

መንገዱ ሩቅ ነው፣ ይበላሻል አልኩት። በረዶ ይዞ እሱ ራሱ እንደሚያደርሰው ነገረኝ። ዳቦ ቤቱስ ስለው፣ ሰፈሩ አንድ ቀን ዳቦ ባይበላ አይሞትም አለ። አባቱን በቀበረ ማግስት እንኳ ሳይዘጋ የጋገረ ሰው ነው፣ እናቴ።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ከዕቃው ጋር ያቀበለዎ እሱ ነው። አትክልትም አለበት። ሲያሞቁት ክዳኑን ገጥመው በዝግታ ይሁን፤ ለእርስዎ ይህን መንገሬ ድፍረት ነው።

የልጅዎ ፎቶ ከግድግዳው አልወረደም፤ አይወርድምም። ይህን ብቻ እንዲያውቁልኝ ፈልጌ ነው። ስለ ሰውየው የቀረውን ጀምሬ ጀምሬ ቀደድኩት። ከእርስዎ ሌላ እናት የምላት ሰው የለኝም፤ ያለችኝ አንዲት ናት። እሷን የሚያሳጣኝ ነገር ከሆነ ገና ሳይነገር ይቅር። እርስዎ ድሮም ያልተናገርኩትን ነው የሚሰሙት።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። ወንበርዎ ሞቃት፣ እንቅልፍዎ ጣፋጭ ይሁን። እህቴንና ልጆቿን ይሳሙልኝ። ድምቡሼ ሁለቱንም ጉልበትዎን፣ በተለይ የሚያምዎትን፣ ትስማለች።

ሰውየው ዓይን አፋር ነው። ዕቃውን አቀብሎ ደጅ ላይ ይቆማል እንጂ ራሱን አይጋብዝም። አንብበው ሲጨርሱ፣ ልብዎ ከፈቀደ፣ ግባ ይበሉት።

ምንጊዜም ልጅዎ