የኋላ መብራቱ

ኅዳር 11 ቀን
ጉርድ ሾላ፣ አዲስ አበባ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? የደብረ ብርሃን ብርድ በኅዳር ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ሐሳቤ እርስዎ ጋ ነው። ጠዋት ጋቢዎን ሳይደርቡ ከቤት አይውጡ። የጆሮዎን መድኃኒት ጨረሱት ወይስ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል? እትዬ ፀሐይነሽ ምሳ ሳያቀርቡልዎ የዋሉበት ቀን እንደሌለ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጎረቤት ስለሰጠን ተመስገን ነው። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። እንቅልፌ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ብርዱና ስለ እህል ዋጋ አውርተን ዘጋን። እንዲሰሙኝ መጮህ አለብኝ፤ ይህ ደግሞ ተጮሆ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩት። ከላምበረት መናኸሪያ ለሚነሳ የማውቀው ሹፌር እሰጠዋለሁ። መነጽርዎን ያድርጉና ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። መሐል ላይ ቢከፋዎ እንኳ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ስለ አብነት ነው።

ወንድሜ ካረፈ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ያን ቀን የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በዚያ ዝናብ፣ ከሃያ ሁለት ሰፈር የተቀበለውን ዕቃ በሞተሩ ጭኖ ወደ ሲኤምሲ ይሄድ ነበር። ውሃ የሞላው ጉድጓድ ሲያጋጥመው ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ከኋላው ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ገጨው። ሹፌሩ ኡርጌሳ ሾላ ገበያ ድንች አራግፎ ወደ ቤቱ ወደ ለገጣፎ ይመለስ ነበር። አልሸሸም። አብነትን በገዛ እጁ አንስቶ ጋቢና ውስጥ አስተኝቶ ሆስፒታል ያደረሰው እሱ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተናገረውም አንድ ቃል ነው፤ «ከኋላው መብራት አልነበረውም፣ አላየሁትም» ነው ያለው።

ፍርድ ቤት ይህንን ሲደግመው እርስዎ ከዘራዎን ይዘው ተነሡ። «ልጄን ገድለህ ደግሞ ትዋሽበታለህ!» አሉት። ቤቱ ሁሉ ዞረ። እጅዎን ይዤ ያስቀመጥኩዎ እኔ ነበርኩ፤ በልቤ ግን ከእርስዎ ጋር ቆሜ ነበር። ምክንያቱም ለመርማሪው ቃሌን የሰጠሁት እኔ ነኝ። «ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ የወንድሜን ሞተር መብራት በእጄ ነው የሠራሁት፤ ይበራ ነበር» ብዬ ፈርሜአለሁ። ሰውየው ዋስትና የተከለከለው በዚህ ቃል ነው።

የሹፌሩ ሚስት ፋናዬ በሠልስቱ ዕለት ድንኳናችን ድረስ ጥቁር ለብሳ መጥታ ነበር፤ ያስታውሷታል። እርስዎ ሊያይዋት አልፈለጉም። ክንዷን ይዤ በር ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ።

አሁን እርስዎ ወደማያውቁት ልምጣ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሉቃስ የምሠራበት ጋራዥ መጣ። ሉቃስ ማለት ከአብነት ጋር ዕቃ የሚያደርሰው፣ ቀብር ላይ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ የነበረው ረጅሙ ልጅ ነው። ሐምሌ ውስጥ ሁለቱ ሞተራቸውን ይዘው በአንድ ቅዳሜ መጥተው፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ገጥሜላቸው ነበር፦ ከኋላ የዕቃ ሳጥን ከነመሸከሚያው፣ ከፊት ሁለት ፓውዛ መብራት፣ የስልክ ቻርጀር፣ ከሌባ የሚጠብቅ አላርም። ሁሉም ከገበያ የተገዛ እንጂ ከሞተሩ ጋር የመጣ አልነበረም።

«ሀይሚ፣ የኋላ መብራቴ ይጠፋል ይሉኛል» አለኝ። «ወርጄ ሳየው ግን ይበራል። ከኋላዬ ያለ ሰው ሁሉ ዓይኑ ታሞ ነው?»

እየሳቀ ነበር የነገረኝ። እኔም ቀላል ነገር መስሎኝ ጀመርኩ። አምፖሉን አየሁ፣ ደህና ነው። ፊውዙን አየሁ፣ አልተቃጠለም። ፍሬኑን ረገጥኩ፣ ቀዩ መብራት ደምቆ በራ። ቴስተሬን አውጥቼ ኃይሉን ለካሁ፣ ከባትሪው የወጣው ሳይጎድል እስከ ኋላ ይደርሳል። እንግዲህ ከጨመርኩበት ዕቃ አንዱ ነው ብዬ አላርሙን ነቀልኩ፣ ከዚያ ቻርጀሩን፣ ከዚያ ፓውዛዎቹን፣ አንድ በአንድ። ምንም ለውጥ የለም። መብራቱ ይበራል። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈልጌ «ምንም የለውም» አልኩት።

ሉቃስ የሚያደርሰው የሩዝ ጆንያ ነበረው። ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ሞተሩ ላይ ወጣ። እኔ እጄን እየጠረግሁ ከኋላው ቆሜ ነበር። መብራቱ ጠፋ።

«ፍሬን ያዝ» አልኩት። ያዘ። ምንም የለም።

«ውረድ፣ ጆንያውን አውጣው።» አወጣው። መብራቱ ተመልሶ በራ።

አባቴ፣ እርስዎ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ማሽን ላይ የሠሩ ሰው ነዎት፤ ስለዚህ በደንብ ልንገርዎ። መብራት እንዲበራ ሁለት ሽቦ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ኃይል ያመጣል፣ ሌላው ኔጌቲቩ ወደ ባትሪ ይመልሳል። አዲሱ ሳጥን የድሮውን መብራት ስለሸፈነው፣ መብራቱን ነቅዬ ሳጥኑን በሚሸከመው አዲስ ብረት ላይ አዛውሬው ነበር። ኔጌቲቩንም እዚያው ብረት ላይ በብሎን አሰርኩት። ብረቱ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብሎኑ ከማረፉ በፊት ቀለሙ ተፍቆ ብረት ከብረት መገናኘት አለበት። በትምህርት ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማሩን ነው። እኔ አልፋቅሁትም። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን የብሎኑ ጥርስ ትንሽ ይነካና ይበራል፤ ጭነት ሲያርፍበት ብረቱ ጎንበስ ይልና ይለያያል። የሚነዳው ሰው ከፊቱ ሁሉም ነገር በርቶለት ስለሚሄድ ከኋላው መጨለሙን አያውቅም።

ብሎኑን ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁትና መልሼ አሰርኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሉቃስ አመስግኖኝ ሄደ። እኔ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

የጋራዡ ባለቤት ጋሽ አብዱልናስር እንደዚያ ሆኜ አገኙኝ። ሥራውን ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው፣ ያውቋቸዋል። ነገርኳቸው። «የአብነት ሞተር አሁን የት ነው ያለው?» ብለው ጠየቁኝ። ትራፊክ ፖሊስ ግቢ እንደቆመ ስነግራቸው «ሳታዪው በራስሽ ላይ አትፍረጂ። ተነሺ» አሉኝ።

አብረን ሄድን። ጥበቃውን ዕቃ አንነካም ብለን ለምነን ገባን። ሞተሩ ጥግ ላይ ጋደም ብሏል። ሳጥኑ ተገንጥሎ ወድቋል፣ የፊት ጎማው ተጣሟል። የኋላው ብረት ግን መኪናው በግራ በኩል ስለመታው እንዳለ ነበር፤ መብራቱም መስታወቱ ተሰነጠቀ እንጂ ከቦታው አልተነቀለም። ካቻቢቴ አውጥቼ ወደ ብሎኑ ስሄድ ጋሽ አብዱልናስር እጄን ያዙኝ። «አትፍቺው። መርማሪው ባለበት ነው የሚፈታው» አሉ። ስለዚህ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከመብራቱ ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከመሸከሚያው ብረት ጋር ብቻ አገናኘን። መስመሩ ሲገናኝ የሚጮኸው ቴስተር ጮኸ። ብረቱን በእጄ ተጫንኩት። ዝም አለ። ለቀቅሁት፣ ጮኸ። ተጫንኩት፣ ዝም አለ። ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም፤ ጋሽ አብዱልናስር ናቸው ቴስተሩን ከእጄ የወሰዱት።

ታክሲ ውስጥ ስንመለስ እንዲህ አሉኝ፦ «ይህን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን። ዝም ብትዪ እኔም ዝም እላለሁ። ግን ጠዋት ጠዋት እንዴት ደህና አደርሽ እንደምልሽ አላውቅም።»

አራት ቀን ዝም አልኩ። ይህንንም አልደብቅዎትም። ለአብነት ምን ይፈይድለታል፣ አባቴስ ሁለት ልጅ በአንድ ዓመት ለምን ያጣል፣ እያልኩ አራት ቀን ሥራ ገባሁ። ማንኛውንም ብሎን ባሰርኩ ቁጥር መልሼ እየፈታሁ አየው ነበር።

በአምስተኛው ቀን መርማሪው ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ምስክር ባለበት ብሎኑን አስፈታው። ከሥሩ ያለው ቀለም ከሱቅ እንደወጣ ነበር፣ ጭረት እንኳ የለበትም። ፎቶ አነሱት። መርማሪው «ያኔ የሰጠሽው ቃል ተለወጠ ማለት ነው። አንቺም ልትጠየቂ እንደምትችይ ገብቶሻል?» አለኝ። ገብቶኛል አልኩት። ለምን እንዳልፋቅሁት ሲጠይቀኝ ቸኩዬ ነው አልኩ። ምን እንዳስቸኮለኝ ሲጠይቀኝ ደግሞ ምንም አላልኩትም።

ሁለቱን ሞተሮች የሠራሁበት ያ የሐምሌ ቅዳሜ እርስዎ ለጆሮዎ ሕክምና የመጡበት ቀን ነበር። ላምበረት ዝናብ ላይ ቆመው እንደጠበቁኝ፣ ደጋግመው እንደደወሉልኝም ቢያስታውሱ፣ ከዚህ ጋር አያገናኙት። የቸኮልኩት እኔ ነኝ። ስልኩ ባይጮኽም ያው ነበር የምሠራው። ይህንን እንዲያምኑኝ እለምንዎታለሁ።

ከዚያ በኋላ ፋናዬን ፈልጌ ለገጣፎ ሄድኩ። በር ከፍታ ስታየኝ ማን እንደሆንኩ ወዲያው አወቀች። ወንበር አቅርባ ውሃ ሰጠችኝ። ነግሬያት ስጨርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ «ለእሱ ራስሽ ንገሪው» ብላ ወደታሰረበት ማረፊያ ቤት ወሰደችኝ።

ኡርጌሳ በጣም ከስቷል። ፍርድ ቤት ያየነው ያ ትከሻው ሰፊ ሰው አይደለም። በአጥሩ ማዶ ቆሞ እስክጨርስ አዳመጠኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ያለኝ እንዲህ ነው፦

«ሦስት ወር ሙሉ ዓይኔን ስጠረጥር ነበር። አንቀላፍቼ ይሆን? መብራቱ እየበራ እኔ ሳላየው ቀርቼ ይሆን? እያልኩ። ሁሉም ሰው ይበራ ነበር ሲል እኔም ለራሴ ይበራ ነበር ማለት ጀምሬ ነበር። እሷ እንኳ አንድ ቀን ‘እውነቱን ለእኔ ንገረኝ’ አለችኝ።»

ይህን ሲል ፋናዬ አንገቷን ደፋች። እሱ አለቀሰ። ይቅር አልኩሽ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ስለ አብነት ግን ነገረኝ። መኪናው ውስጥ ሆኖ መንገዱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ይተነፍስ እንደነበር፣ እሱም «አይዞህ፣ ደረስን» እያለው እንደነዳ ነገረኝ። ወንድሜ ብቻውን አልነበረም ማለት ነው። ልሄድ ስል ጠራኝና «አባትሽ ያውቃሉ?» አለኝ። እጽፍላቸዋለሁ አልኩት።

ትናንት በዋስ ተፈቷል። ቀጠሮው ኅዳር 25 ነው፤ የእኔ ነገር ምን እንደሚሆን ያን ቀን ይታወቃል ብለውኛል። ጋሽ አብዱልናስር አብሬሽ እመጣለሁ ብለዋል። እርስዎን ይምጡ አልልዎትም፣ አይምጡም አልልዎትም። ይህን ካነበቡ በኋላ ድምፄን መስማት ቢያስጠላዎ አልቀየምዎትም። ከራሴ ዕጣ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፦ ሐዘንዎን የሚያሳርፉበት ሰው ነበርዎት፤ እሱን ወሰድኩብዎ፤ በምትኩ ያቀረብኩልዎ ደግሞ ልጅዎን ነው።

ዳኛው ፊት ስቆም የምናገረውን ደጋግሜ ተለማምጄዋለሁ። ረጅም አይደለም። «የኋላ መብራቱ አልበራም ነበር። ሰውየው እውነቱን ነው የተናገረው። ያሰርኩት እኔ ነኝ» እላለሁ።

የአብነትን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ለእርስዎ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፤ ይህን ወረቀት አንብበው ሲያጥፉት ብርታቱን እሱ ይላክልዎ። ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜአለሁ።

የቀረችልዎ ልጅዎ