የማይቀደድ ጃኬት

ጥቅምት 26፣ 2006 ማክሰኞ

ቀሚሴ ዛሬም ተቀደደ። ፌሮ ያዘው፤ ከጭኔ እስከ ጫፉ። ባሬላውን ጥዬ እንዳልሰበስበው አሸዋ ሙሉ ነው። ከኋላ የያዘችው ዙሀራ ናት። "ሂጂ ዝም ብለሽ፣ ማንም አላየሽም" ትለኛለች። ሁሉም አይቷል...

እዚህ ሕንፃ ላይ ከገባን ስንተኛ ቀሚሴ ነው? ሲሚንቶ ይበላዋል፣ ፌሮ ይጨርሰዋል። ደመላሽ ባሌ እንኳ የሚክሰር ኦፕሬተር ስለሆነ ቱታ ሰጥተውታል። ለእኛ ለተሸካሚዎቹ ማን ሊሰጥ? ቀን ሠራተኛ ራሱን ያልብስ ነው።

ዙሀራ እሁድ ሰልባጅ ተራ እንሂድ አለች። ሱሪ እንግዛ።

"ሱሪ?"

"ሱሪ። ምነው፣ እግር የለሽም?"

ኅዳር 1፣ እሁድ

ከቅዳሴ መልስ ገበያ። ከዙሀራ ጋር ልብስ መግዛት ጉድ ነው። ወሎ እያለች አጎቷ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከሱ ነው የተማረችው። ጂንሱን ወደ ፀሐይ ታነሣዋለች፤ ብርሃን ካሳለፈ ወዲያ ትወረውረዋለች። ጉልበቱን በጥፍሯ ትፍቃለች። መቀመጫው ላይ ያለውን ስፌት በሁለት እጇ ትስበዋለች። ሻጩ ተናደደ።

"ሴትዮ፣ ልትገዢው ነው ልትገነጣጥዪው?"

"ሥራ ላይ ከሚገነጠል እዚሁ ይገነጠል" አለችው።

ሱሪ ያዝን። ከዚያ ጃኬቶቹን አየን። አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ የመኪና ሸራ የመሰለ። ስፌቱ ድርብ። እኔ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ይዘን ጎተትነው። ሰው ቆሞ ሳቀብን። አንድ ክር አልተነሣም። እጅጌው ግን ሰፊ ነው፣ የወንድ ነው። "ይጠቀለላል" አለች። እኔም ይጠቀለላል አልኩ። አንድ ዓይነት ገዛን፣ እንደ መንትያ።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ሱሪ ለብሼ ወጣሁ። ከላይ ጃኬቱ። ፌሮ ሠራተኞቹ አፏጩ። ፎርማኑ ተወልደብርሃን ነው ዝም ያሰኛቸው። "ጽቡቕ! ሓፍተይ፣ ሠራተኛ እንዲህ ነው" አለኝ፤ ጎበዝ እህቴ ማለቱ ነው። ጥሩ ሰው ነው። ትግርኛዬ ሲሰበር እንኳ አይስቅብኝም።

ደመላሽ ከሚክሰሩ አጠገብ ሆኖ አየኝ። ፊቱን አዞረ። ቤት ስንገባ፦

"ሚስቴ መሆንሽን እኮ ሰው ያውቃል።"

"ቀሚሴ ተቀዶ ጭኔ ሲታይስ አያውቅም ነበር?"

በላ፣ ተኛ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ጃኬቱ ምንም አልሆነ። ድንጋይ ስሸከም ትከሻዬ መላጥ ትቷል። ሌሎቹ ሴቶች ከየት ገዛችሁት ይሉናል። ዙሀራ አሳያቸዋለሁ ብላለች።

ደመላሽ ራሱ ትናንት ጃኬቴን ከገመድ አውርዶ አጣጥፎ አስቀመጠው።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

የሚክሰሩ ቺንጋ፣ ከሞተሩ የሚያገናኘው ቀበቶ፣ እየተንሸራተተ ሥራ ያቆማል። ሶሌታው፣ የፎቁ ወለል፣ ለገና ካልተሞላ ኮንትራክተሩ ተወልደብርሃንን አባርርሃለሁ ብሎታል አሉ። እራት ላይ ደመላሽ ነገረኝ። የቺንጋውን ክዳን ፍታው ብሎታል ተወልደብርሃን። ቺንጋው በላላ ቁጥር ክዳን ከመፍታትና ከመግጠም ክፍት ሆኖ ማጥበቅ ይፈጥናል። ፈታው።

"አያስፈራም?"

"ማንን? አጠገቡ የምቆመው እኔ ነኝ።"

እንዲህ ብሎ ሽሮውን ጠረገ። እኔም ሌላ ወሬ አነሣሁ...

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ዙሀራ...

መጻፍ አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ውኃ ልትቀዳ ነው የሄደችው። በርሜሉ ከሚክሰሩ ጎን ነው። ጎንበስ ስትል የጠቀለለችው እጅጌ ተፈታ። ቺንጋው ያዘው። ባዶ ባሬላ ይዤ ከኋላዋ ነበርኩ። መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ። ድምፁ እንደዚያ ነበር።

ጃኬቱ አልተቀደደም። ቢቀደድ ኖሮ... ያ አሮጌ ቀሚሷ ቢሆን ጨርቁ ይሄድ ነበር፣ እሷ ትቀር ነበር። እጅጌው ክንዷን ይዞ ገባ። ወገቧን አቅፌ ጎተትኩ። እኔ በአንድ በኩል፣ ሞተሩ በሌላ በኩል። ደመላሽ ዘሎ አጠፋው። ሲጠፋ ግን ወዲያው አይቆምም፤ ይዞራል፣ ይዞራል...

ተወልደብርሃን አዝሏት እስከ አስፋልት ሮጠ። "ኣጆኺ ዙሀራ፣ ኣጆኺ" እያለ ያጽናናታል። ጀርባው ሁሉ ደም።

ታኅሣሥ 20፣ እሁድ

ክንዷን ቆረጡት። ከክርኗ በላይ። ቀኙን።

ነርሷ ጃኬቱን በፌስታል ሰጠችኝ። መቀስ እምቢ ብሏቸው ነበር አለች። ቤት ወስጄ አየሁት፤ ድርብ ስፌቱ እንዳለ ነው። ደጅ አውጥቼ አቃጠልኩት። እሱም ቶሎ አልነድ አለኝ።

ዙሀራ ነቅታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ "ባሬላውን ማን ያዘልሽ?"

ጥር 5፣ ሰኞ

ኮንትራክተሩ ካሳ አልከፍልም ብሏል። ክዳኑ ነበረ፣ ሴትዮዋ ሰፊ የወንድ ጃኬት ለብሳ መጥታ በራሷ ጥፋት ተያዘች ነው የሚለው። ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ መርማሪዎች መጥተው አዩ። ክዳኑ በቦታው አለ። ይኖራላ። በማግስቱ ተገጠመ።

ማን ገጠመው? ደመላሽ።

ጥር 11፣ እሁድ

ጥምቀት። ታቦቱ ሲያልፍ ደመላሽ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ተንበረከከ። ሰው ሁሉ ከተነሣም በኋላ እዚያው ነበር። ስንመለስ መንገድ ላይ፦

"ብትናገሪ የሚታሰረው ማን ይመስልሻል? ኮንትራክተሩ?"

"አላውቅም።"

"እኔ ነኝ። የፈታው እጅ የኔ ነው።"

"ያዘዘህስ?"

"አላዘዝኩም ብሏል ተወልደብርሃን። ዓይኔን እያየ። ልጆቼን ምን ላብላቸው አለኝ።"

ልጆች እየዘፈኑ ያልፋሉ፣ ሎሚ ይወራወራሉ። ከዚያ፣ "አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ" አልኩት። እንዴት ከአፌ ወጣ? ባሌ ነው። ከደብረ ብርሃን ይዞኝ ከመጣ ጀምሮ እዚህ ከተማ ከሱ ሌላ ዘመድ የለኝም።

ዙሀራስ ማን አላት?

ጥር 21፣ ረቡዕ

ደመላሽ አብሮኝ አይበላም። የዙሀራ የካሳ ጉዳይ የሚታይበት ቀጠሮ ነገ ነው። ጫማውን ሲጠርግ አየሁት። ይምጣ አይምጣ አልጠየቅኩትም። ፈራሁ።

ጥር 22፣ ሐሙስ

መጣ። ከኋላ ወንበር ተቀመጠ።

ተወልደብርሃን ቀድሞ ተናገረ። "ክዳኑ ነበረ" አለ። እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ደብቋል። ዙሀራ ቀስ ብላ፣ "ተወልደ፣ ያዘልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?" አለችው። ጆሮው ቀላ።

ጉዳዩን የሚያየው ሰውዬ ወደኔ ዞረ።

"ጃኬቱን ማን መረጠው?"

"ሁለታችን።"

"እጅጌው ሰፊ መሆኑን አይታችኋል?"

"አይተናል። ግን..."

"አይታችኋል።" ጻፈ።

በቃ፣ በራሳችን ጥፋት አለቀ። ስለ ክዳኑ ልናገር አፌን ስከፍት ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ደመላሽ ቆሟል።

"ክዳኑን እኔ ነኝ የፈታሁት ጌታዬ። ፍታ ተባልኩ፣ ፈታሁ። ሲይዛት አልነበረም። በማግስቱ ግጠም ተባልኩ፣ ገጠምኩ።"

"ማነው ያዘዘህ?"

በእጁ አሳየ። ተወልደብርሃን አንገቱን ነቀነቀ፣ የለሁበትም ብሎ። ኮንትራክተሩ ግን ፈገግ አለ። አየሁት። ጥፋተኛ አገኘ፤ ራሱ ተነሥቶ የቆመለት።

ስንወጣ ደመላሽን እጁን ያዝኩት። ሰው ፊት እጄን ይዞ አያውቅም። ዛሬ አልለቀቀኝም።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ደመላሽን ፖሊስ ከሥራ ቦታ ወሰደው። ቱታውን እንኳ አላወለቀም።

ለእኔ ተወልደብርሃን፣ "ከነገ ጀምሮ አትምጪ" አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም። ሓፍተይ አላለኝም።

መጋቢት 21፣ እሁድ

ሥራ ተገኘ። ቃላሚኖ በኩል፣ ለኮብልስቶን ድንጋይ መጥረብ። ቀኑን ሙሉ ቁጢጥ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ልብስ ፍለጋ ገበያ ሄድኩ፣ ብቻዬን። ጉልበቱ የጠነከረ ሱሪ መረጥኩ። ፀሐይ ላይ አነሣሁት፣ በጥፍሬ ፋቅሁት። ለላይ ግን እጅጌ እየሳብኩ እምቢ ያለኝን ሁሉ መለስኩ። ሻጩ ግራ ገባው። "ጠንካራው እኮ ይሄ ነው" ይለኛል። አውቃለሁ። የሳሳ ሸሚዝ ወሰድኩ። ስስበው ጨርር አለ።

ዙሀራ ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ከእኔ ጋር ናት። ሻሿን ላስርላት ስል ትሸሻለች። አንዱን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ታስረዋለች። የደመላሽን ስም አትጠራም። እኔም ቤት ውስጥ አልጠራም፣ ስንቅ ይዤ ወደ እስር ቤት ስሄድ ገበያ ልሄድ ነው እላታለሁ። ታውቃለች መሰለኝ። በገበያ ቀን አይደለም የምሄደው...

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ደመላሽ ተፈረደበት። እስከ መስከረም እስር ቤት ነው።

ኮንትራክተሩ ሕክምናዋን ይሸፍን ተባለ። ለክንዷ ግን ያጠፋውን ጠይቂ አሏት። ያጠፋው ደመላሽ ነው። ምን አለውና? ሕንፃው አልቆ ቀለም ተቀብቷል። ስር ያለው ሱቅ ተከራይቷል። ተወልደብርሃን ሌላ ሕንፃ ጀምሯል አሉ፣ ወደ ውቅሮ መውጫ።

አገርሽ ብትገቢስ አልኳት ዙሀራን።

"ለእናቴ ምን ይዤ?"

ባይናገር ኖሮ ባሌ ቤቱ ነበር። ተናግሮም ለሷ የመጣላት የለም። ታዲያ ምን አተረፍን? አንዳንዴ ድንጋዩን ስመታ ይሄን ብቻ አስባለሁ።

ሰኔ 15፣ እሁድ

ጠዋት እንጀራውን ስጠቀልል ዙሀራ ተነሥታ ጫማዋን አደረገች።

"ወዴት?"

"አንቺ ወደምትሄጂበት።"

ማረሚያ ቤት ደረስን። ደመላሽ ከአጥሩ ወዲያ እየሳቀ መጣ፣ እሷን ሲያይ ቆመ። ከስቷል። የተንጠለጠለውን ባዶ እጅጌዋን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

"ቀና በል" አለችው።

ቀና አለ።

"ሞተሩን ያጠፋኸው አንተ ነህ። ባታጠፋው አልተርፍም ነበር።"

አመሰገነችው ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለች።

"ክዳኑንም የፈታኸው አንተ ነህ።"

"አዎ" አለ።

"ሁለቱንም ልነግርህ ነው የመጣሁት።"

"አዎ፣ ዙሀራ።"

እንጀራውን ሰጠሁት። በአጥሩ ቀዳዳ ጣቴን ነካ። ጠባቂው ሰዓት አለቀ አለ።

ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ሮማናት አደባባይ ጋ ካፌ ስር ተጠለልን። "እኔ ከእንግዲህ አልመጣም" አለችኝ። "አንቺ ግን ሂጂ። ገበያ ነው እያልሽ አትዋሺኝ።"

እሺ አልኳት።

ዝናቡ ሲያባራ በግራ እጇ ክንዴን ያዘች። መንገዱ ያንሸራትታል።